ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጎማ

ለመንገድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ስንቁን ያሰናዳል። አባቶቻችን ሩቅ አገር ሲሄዱ በሶውን በአቁማዳ፥ ውሃውን በቅል ይዘው፥ በቅሎአቸውን ጭነው፥ መጫኛውን ሁለት ጊዜ ፈትነው ይነሡ ነበር። ዛሬ በመኪና የሚጓዝ ሰው ስንቁ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከስንቁም አንዱ ጎማ ነው። በአራት እግር የሚሄደው መኪና አምስተኛውን እግር ተሸክሞ ይጓዛል። ይህ አምስተኛ እግር በደኅናው ቀን ምንም ሥራ የለውም፤ የሚፈለገው ከአራቱ አንዱ የተበሳ ወይም የፈነዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የተረሳ ነገር ደግሞ አንድም በተፈለገ ጊዜ አይገኝም፤ አንድም ባልተፈለገ ጊዜ ይመጣል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ሰው ያውቃል፤ በመንገድ ላይ ቆሞ ያደረ ሁሉ ይመሰክራል። ዛሬ ለቤተ ሰብ አባትና እናት ልጽፍ የወደድሁት ስለ ሁለተኛው፥ ባልተፈለገ ጊዜ ስለሚመጣው ጎማ ነው።

ነጂዎቻችን ይህን ጎማ «ስኮርታ» ይሉታል። ቃሉ የኢጣልያ ቃል ነው፤ ቸርኬ፥ ክሪክ፥ ጎሚስታ እንደሚባሉት ቃላት ሁሉ ከመኪናው ጋር ወደ ቋንቋችን ገብቶ ቀርቷል። በባለቤቶቹም ቋንቋ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንደኛው ለችግር ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ማለት ሲሆን ሁለተኛው መንገደኛን አጅቦ የሚሄድ ጠባቂ ማለት ነው። ስሙ እንዴት ያማረ ነው! ነገር ግን ጠባቂው ራሱ ካልተጠበቀ ምን ዓይነት ጠባቂ ይሆናል?

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ትርፍ ጎማ መያዝ በዓለምም ገና አዲስ ልማድ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት አውቶሞቢሎች ተጨማሪ እግር አይዙም ነበርና፥ ጎማ የተበሳበት ነጂ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ጎማውን ነቅሎ፥ ጠግኖ፥ በእጁ ነፍቶ ይነሣ ነበር። በ1904 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዌልስ አገር ላኔሊ በምትባል ከተማ ትርፍ መንኰራኵር እየተሠራ መሸጥ ጀመረ። የተሠራበት መንገድ ስሙ ስቴፕኒ ስለ ነበረ መንኰራኵሩም ስቴፕኒ ተባለ፤ በህንድ አገር የትርፍ ጎማ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ነው። እንግዲህ ጎማን ለክፉ ቀን የመያዝ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተያዘውን ጎማ የማሰር ነገር ግን በእኛ መንገድ ላይ ገና ትምህርት የሚያሻው ሆኖ አገኘዋለሁ።

በውጭ አገር አልጋና ምድጃ ያለው፥ ሰው እንደ ቤት የሚያድርበት መኪና አለ፤ ዕቃውም ትርፍ ጎማውም የሚቀመጥበት ልዩ ክፍል ተሠርቶለታል። በእኛ አገር እንደዚህ ያለ መኪና እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ለንግሥ በዓል ወደ ገዳምና ወደ ጠበል የሚሄደውን የመንፈሳዊ ጉዞ መኪና ያየ ሰው ከዚያ የተለየ አይደለም ይላል። ሁለትና ሦስት ቀን በውስጡ ይበላል፤ ይጸለያል፤ ሕፃናት ይተኙበታል። ባናው፥ የዳቦው መሶብ፥ የጠበሉ ጀሪካን፥ የታመመው ሰው ፍራሽ፥ የመዘምራኑ ከበሮ ሁሉ በአንድ ላይ ይጫናል። ትርፍ ጎማውም በዚሁ መካከል ስፍራ ይፈለግለታል። መኪናው ቤት በሆነ ጊዜ ጎማውም ከቤተ ሰቡ ጋር ያድራል ማለት ነው።

መንገዱም እንደ ቤት ወለል የተስተካከለ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ደብረ ብርሃን የሚደርስ ሰው በደጋው ሜዳ ላይ በሰላም ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ግን ምድሩ ጠባዩን ይለውጣል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጉሙ ቀኑን ሌሊት ያስመስለዋል፤ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቈዩበት ጊዜ የቈፈሩትን የተራራ ውስጥ መንገድ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም ቍልቍለት የታወቀ ነው። ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ግሼ የሚሄደው ሰው በገደል አፋፍ ላይ ይጓዛል። ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄደውም ከለሚ ተነሥቶ ወደ ጀማ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይወርድና ወደ ዓለም ከተማ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በእንደዚህ ያለ አገር ፍሬን የሚያዝበት፥ መኪና የሚዘነበልበት፥ ድንጋይ ረግጦ የሚነጥርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሰበካ ምእመናን ሆነን ጥር 21 ቀን ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሄደን ነበር። የተከራየነው መኪና ሚኒባስ ነበረ። የዚህ ዓይነት መኪና ትርፍ ጎማ ከኋላው ወለል በታች በብረት መያዣ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነው፤ የዚህኛው ግን መያዣው በድንጋይ ተመትቶ ስለ ተሰበረ ነጂው ጎማውን ወደ ውስጥ አስገብቶ፥ ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው ክፍት ቦታ ላይ አቁሞ፥ ከመቀመጫው ጎን አስደግፎት ነበር። ከጎማው አጠገብ በበርጩማ ላይ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፥ ይህን ጎማ በገመድ ብታስረው መልካም አይደለምን?» አልሁት።

«መምህር፥ ምን ይሆናል ብለው ነው? ሃያ ኪሎ የሚያህል ነገር እኮ ነው፤ ክብደቱ ራሱ ያስቀምጠዋል» አለኝ። ገመድም አልያዘም ነበር።

ከፊተኛው መቀመጫ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ፥ «በእመቤታችን መንገድ ላይ ሆነን ጎማ ያስፈራናል እንዴ?» አሉ። ሰዎቹም ሳቁ። እኔ ለእርሳቸው መልስ አልሰጠሁም፤ ልጁን ግን ከበርጩማው አንሥቼ ከእኔ ጋር ከኋላ አስቀመጥሁት። እናቱም ስፍራ ስለ ሰፋላቸው ደስ አላቸው።

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ ሰላ ድንጋይ ስንሄድ፥ በአንዲት ቍልቍለት ላይ የበጎች መንጋ በድንገት መንገዱን ሞላው። ነጂው ፍሬን ያዘ፤ መኪናውም ቆመ፤ በጎቹም ዳኑ። ጎማው ግን አልቆመም። መንኰራኵር ጠባዩ መንከባለል ነውና ከተደገፈበት ተነቅሎ ወደ ፊት ተንከባለለ፤ በርጩማውን ገልብጦ፥ የዳቦውን መሶብ ጨፍልቆ፥ በመጨረሻ እኒያ እናት እግር ላይ በጎኑ ወደቀ። ቍርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ። አጥንት አልተሰበረም፤ ነገር ግን የዚያን ሌሊት ማኅሌት ሰው ደግፎአቸው ነው የቆሙት። ነጂው ደንግጦ ሲለምናቸው በፈገግታ፥ «እመቤታችንስ እግሬን ጠብቃልኛለች፤ ገመዱን ግን ማምጣት የነበረብህ አንተ ነህ፥ ልጄ» አሉት። በዚያን ቀን ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይህ ቃል ከልቤ አልጠፋም።

በመንገዱ ዳር ቆመን ሳለን ባና የለበሱ አንድ የመንዝ ሽማግሌ ከበጎቹ በኋላ ደረሱ። በወጣትነታቸው በጭነት ከብት እህልና ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው እንደ ነበሩ በኋላ ነገሩን። የሆነውን ከሰሙ በኋላ ወደ መኪናው ገብተው ጎማውን አዩና ለነጂው እንዲህ አሉት፤

«ልጄ፥ ጭነትን የሚይዘው ክብደቱ አይደለም፤ ክብደቱማ ጠላቱ ነው። ቀላል ነገር ቢወድቅ ምን ያደርጋል? የሚገድለው ከባዱ ነው።»

ከመንደር ገመድ ተልኮ መጣ። ሽማግሌውም ሥራውን እየነገሩ አሳዩን። በመጀመሪያ ጎማውን አስተኙት፤ የቆመ ነገር መውደቂያ ይፈልጋል፤ የተኛ ነገር ግን ወድቆ አብቅቷል አሉ። ሁለተኛም ፊቱን ጠንካራ ነገር አስነኩት፤ በጎማውና በመቀመጫው ብረት መካከል አንዲት ጣት የምታህል ክፍተት እንኳ አልተዉም፤ ክፍተት ካለ መንደርደሪያ ያገኛል ብለው ነው። ሦስተኛም ገመዱን በላዩ ላይ አላዞሩትም፤ በቸርኬው ቀዳዳዎች ውስጥ አሳልፈው መስቀልኛ አድርገው፥ ዝቅ ብሎ ከመቀመጫዎቹ እግር ጋር በአራት ወገን አሰሩት። «አንድ ማሰሪያ ማዞሪያ ነው፤ መያዣ የሚሆነው ሁለት ሲሆን ነው» አሉ። ከዚያም እስከ ሰላ ድንጋይ አብረውን ሄዱ፤ ገና ጥቂት እንደ ተጓዝን ግን ነጂውን አስቁመው ገመዱን በእጃቸው ሳቡት። ላልቶ ነበር። «ጭነት መንገድ ሲጀምር ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ማሰሪያው ይላላል፤ ስለዚህ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያርፈው ለድካሙ ሳይሆን ለመጫኛው ነው» ብለው ደግመው አጠበቁት።

እኔ በትምህርት ቤት ለልጆች የማስተምረው ነገር ሁሉ በእኒያ ሽማግሌ እጅ ላይ ነበረ። እንግሊዛዊው ሊቅ ኒውተን በ1687 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ የሚሄድ ነገር የሚያቆመው ኃይል እስካላገኘ ድረስ መሄዱን አይተውም። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በውስጡ ያለው ጎማም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ መኪናውን ይይዛል እንጂ ያልታሰረውን ጎማ አይይዝም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር ፍጥነቱ ከ14 ሜትር ከፍታ ላይ ወድቆ መሬት ከሚደርስ ነገር ፍጥነት ጋር እኩል ነው። እንግዲህ መኪናው ከግንብ ጋር ቢጋጭ፥ ከኋላችን ያለው ያልታሰረ ጎማ ከአራተኛ ፎቅ የተወረወረብን ያህል ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን 6 ሜትር ያህል፥ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደግሞ 25 ሜትር ያህል ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ቁመቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። በአራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ጎማ አስደግፎ ልጁን ከሥሩ የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም። በመኪና ውስጥ ግን ሁላችንም ስናየው ዝም እንላለን፤ ከፍታው በዓይን አይታይምና።

ማሰሪያውስ ምን ያህል የጠነከረ መሆን ይገባዋል? በአውሮፓ ለጭነት ማሰሪያ በወጣው መለኪያ መሠረት፥ ማሰሪያ ወደ ፊት ለሚመጣው ግፊት የጭነቱን ክብደት 8 ዐሥረኛ፥ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ለሚመጣው 5 ዐሥረኛ መቋቋም አለበት። ይህም ፍሬን ለሚያዝበትና ለሚታጠፍበት ተራ ጉዞ ነው፤ በግጭት ጊዜ የሚመጣው ኃይል ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ መነጠሩ ይታከላል። ስለዚህ ለዕቃ መጠቅለያ የሚሆነው ሲባጎ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ከሁሉ የሚሻለው የተሰበረውን መያዣ አሠርቶ ጎማውን ወደ ተፈጠረለት ስፍራ መመለስ ነው። ይህ ባይቻል፥ ወይም የመኪናው ሥሪት ጎማውን በዕቃ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ቢሆን፥ ጠንካራ ቡሎን በቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ ከመኪናው አካል ጋር ማሰር ይገባል። ከላይ ከቀዳዳው የሰፋ ወፍራም ብረት ይደረግና በዳዶ ይጠብቃል፤ ከወለሉ በታችም እንዲሁ ሰፊ ብረት ይደረጋል፤ አለዚያ ቡሎኑ ስሱን ቆርቆሮ ቀዶ ይወጣል። የመንገዱ መንቀጥቀጥ አንዱን ዳዶ ቀስ በቀስ እንዳይፈታው ሁለተኛ ዳዶ በላዩ ይጠበቅበት። ወለሉን ከመብሳት በፊትም ከሥሩ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፥ የፍሬን ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን በባለሙያ ማስመርመር ግድ ነው።

ቡሎን የሌለ እንደ ሆነ ደግሞ በእጀታ እየተወጠረ የሚጠብቀው ሰፊ የጭነት ቀበቶ ከገመድ ይሻላል፤ ብዙ አይለጠጥም፤ ቋጠሮውም አይፈታም። የቸርኬው ጠርዝ ስለት ሆኖ ቀበቶውን እንዳይቈርጠው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ይደረግበት። ጎማው የሚቀመጠውም በተቻለ መጠን ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። በመኪናው ጣራ ላይ፥ በፖርቶ መጋላው የሚጭኑት አሉ፤ በዚያ ከፍታ ላይ የተጫነ ክብደት ግን በገደል አፋፍና በመጠማዘዣ ላይ መኪናውን ለመገልበጥ ያግዛል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው፥ ጎማው በሚገባ ታስሮም የማይደረስበት ከሆነ አልተያዘም ማለት ነው። ሃምሳ ሰው በሚጭን አውቶቡስ የዕቃ ክፍል ውስጥ የሁሉም ሰው ዕቃ በጎማው ላይ ተቈልሎ፥ ጎማ በተበሳ ጊዜ በጣርማ በር ብርድ ላይ ጀሪካኑም ባናውም ወደ መሬት ሲወርድ አይቻለሁ። ስለዚህ ጎማውን ሳይቀብሩ መጫን ያስፈልጋል። ክሪኩ፥ መፍቻውና ታኮውም አብረው ይታሰሩ፤ ክሪክም ቢሆን ሲወረወር ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው፥ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ትርፍ ጎማው ወጥቶ ከተገጠመ በኋላ፥ የተበሳው ጎማ በፋንታው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው በዚያን ጊዜ ደክሞአል፤ መሽቶበታል፤ እጁ ጭቃ ነው፤ ቶሎ ለመድረስ ይቸኵላል። ጎማውን በመተላለፊያው ላይ ወርውሮ ይሄዳል። ነገር ግን የተበሳ ጎማ ነፋሱ ወጣ እንጂ ክብደቱ አልወጣም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በዚያች ሰዓት ያለ ሥርዓት የተጫነው ነው የሚጐዳው። የመጀመሪያው በታሰረበት ማሰሪያ ሁለተኛውም ይታሰር።

ሦስተኛው፥ ጎማው በሥራ ላይ ባይውልም ያረጃል፤ ነፋሱም ቀስ በቀስ ይወጣል። በወር አንድ ጊዜ ነፋሱን ማስለካት ይገባል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል አራት አኃዝ ያላት ቍጥር አለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ ሁሉ ይህን ሊያነብ ይችላል፤ ለተማሪዎቼም አሳይቻቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የቆመ መኪና ሁሉ ዕድሜው የታወቀ ሆነ።

አሁን እኒያ እናት ወዳነሡት ነገር ልመለስ፤ በእመቤታችን መንገድ ላይ ሆነን መፍራት ይገባናልን? ጥያቄው የብዙ ምእመናን ጥያቄ ነው፤ በቅን ልብ የሚጠየቅም ስለ ሆነ በቅን ልብ መመለስ አለበት። ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ፈታኙ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በነገረው ጊዜ፥ መላእክት ይጠብቁታል ብሎ የነገረው ቃል ከቅዱስ መጽሐፍ የተወሰደ ነበር። ጌታችንም ጥበቃውን አልካደም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ ግን መለሰ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲሄድ ማዕበል በተነሣ ጊዜ በመርከቡ ካሉት ሰዎች አንድም ነፍስ እንዳይጠፋ መልአክ ነግሮት ነበር፤ ነገር ግን መርከበኞቹ ሸሽተው ሊሄዱ ባሰቡ ጊዜ፥ እነርሱ በመርከቡ ካልቆዩ መዳን እንደማይቻል ለመቶ አለቃው ያስታወቀ እርሱ ራሱ ነው። የተስፋው ቃል የመርከበኛውን ሥራ አልሻረውም። መርከቢቱም ገና ማዕበሉ ሲበረታ በገመድ ዙሪያዋን ታስራ ነበር። እንግዲህ ገመድ ማሰር ከእምነት ማነስ የሚመጣ አይደለም። የነጂው እጅ ያላሰረውን ነገር መልአክ ያስርልኛል ብሎ መንዳት ግን ሌላ ስም አለው።

ለክፉ ቀን ማስቀመጥን የመንዝ ሰው ከማንም መማር አያሻውም። የጓሳን ሣር ያየ ይህን ያውቃል። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት አለቆችን መርጦ፥ ሰፊውን የጓሳ ምድር ለጥቂት ዓመታት እየዘጋ፥ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን፥ ድርቅም ሲሆን ለከብት መኖ በውሳኔ ይከፍተው ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጋር ቢቋረጥም ሕዝቡ ዛሬም ምድሩን በማኅበር ይጠብቀዋል። ያ ሣር ዝም ብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ በሕግ የታሰረ ነበር። ማስቀመጥና ማሰር ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ይህም ነገር በመኪና ብቻ አያበቃም። በየቤታችን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብዙ ነገር አለ። ለሕመም ቀን የተገዛ መድኃኒት በሕፃን እጅ በሚደረስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን የተገዛ ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ከወጥ ቤት ጥግ ይቆማል፤ የተጠማ ልጅም ውሃ ይመስለዋል። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን የተሞላ በርሜል ክዳን ሳይኖረው በጓሮ ይቆማል። በከፍተኛ ቁም ሣጥን ላይ ከባድ ሻንጣ ይጫናል፤ ከሥሩም የሕፃን አልጋ አለ። እነዚህ ሁሉ በመልካም አሳብ የተቀመጡ ናቸው፤ የቤቱ አባትና እናት ለቤተ ሰባቸው ስላሰቡ ነው የገዟቸው። ነገር ግን አሳቡ መልካም መሆኑ ጠርሙሱን አይከድነውም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ራሱ ክፉውን ቀን እንዳያመጣ፥ ያስቀመጠው እጅ ደግሞ ሊያስረው፥ ሊከድነው፥ ሊቆልፈው ይገባል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ በተለይም የመንፈሳዊ ጉዞ የምታሰናዱ የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፥ መኪና ስትከራዩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ትርፍ ጎማው የት እንዳለ፥ በምን እንደ ታሰረ፥ ነፋስም እንዳለው ጠይቁ። ያልታሰረ ሆኖ ብታገኙት ለማሰር የሚወስደው ጊዜ የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል እንኳ ቢረዝም ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ከጸሎተ መንገዱ በፊት ይደረግ። ነጂው ወጣት ቢሆን በትሕትና ንገሩት፤ ሽማግሌ ቢሆን በአክብሮት ለምኑት፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ግን ዝም አትበሉ። ሕፃናትን ከታሰረም ከባድ ዕቃ ፊት አታስቀምጡ። ጥቂት ከተጓዛችሁ በኋላም መኪናውን አስቁማችሁ ማሰሪያውን በእጃችሁ ሳቡት።

እግዚአብሔር አምላክ በመንገድ ያሉትን ሁሉ በሰላም ያድርሳቸው፤ በቤት ያሉትንም በሰላም ይጠብቃቸው። አሜን።